የእሑድ ልክ

እሑድ፣ የካቲት 16 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለልጄ፤

በእጄ ጽፌ ስልክልህ ይህ የመጀመሪያው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየእሑዱ በስልክ ስናወራ ወረቀት የት ትዝ ብሎን ያውቃል። ባለፈው ሳምንት ግን አንተው ራስህ ጻፍልኝ አልክ፤ ይኸው ጻፍኩልህ። ጽሑፌ ካስቸገረህ ታገሥ፤ አርባ ዓመት ሙሉ ከቁጥር ሌላ የጻፍኩት ነገር የለም።

ጤናዬ ደህና ነው። እናትህም ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ ትንሽ ያማታል። አሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጣ የአንተን የድሮ ሹራብ ትተረትራለች፤ ክሩን ለሌላ ነገር ፈልጋው ነው። ቅድም «ምን እያልከው ነው?» አለችኝ። «ብርድ እንዳይመታህ ደርብ እያልኩት ነው» አልኳት። «ሥራውን ያሳጡት ምቀኞች ናቸው በለው፤ እግዜር ያያቸዋል በለው» አለች። እንግዲህ ብዬልሃለሁ።

ስትደውል አለቀስክ። የሠላሳ አራት ዓመት ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም። ኮሚቴ ፊት ልትቀርብ እንደሆነ፣ ሆን ብለህ የሐሰት ወሬ ገበያ ላይ ነዛህ እንደተባልክ፣ ከፈረዱብህ ዕድሜ ልክህን በዚያ ሙያ እንደማትሠራ፣ ምናልባትም እንደምትታሰር ነገርከኝ። ከዚያ «አባዬ፣ አንዲት ወረቀት ብቻ ጻፍልኝ። ዓይኔ ደክሞ ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ በልና ፈርምባት» አልከኝ። እኔም ያኔ «መነጽሬ ነው መሰለኝ» አልኩህ። መነጽሬ ደህና ነው ልጄ። በዚህ መነጽር ከመንገድ ማዶ የሚያልፈውን መኪና ታርጋ አነባለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ከፊሉን አንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቀዋለህ፤ አንተ ግን የምታየው በመስታወት ፎቅ ላይ ሆነህ ነው፤ ከታች በኩል ምን እንደሚመስል የነገረህ የለም።

እዚህ ሰፈር ሁለቱን ታላላቅ አገሮች በስማቸው የሚጠራ የለም። አንዱን ባለማዕድኑ እንለዋለን፤ ያንን ግራጫ ማዕድን ለዓለም ከሞላ ጎደል ብቻውን የሚሸጥ እሱ ነው። ሌላው ባለገንዘቡ ነው፤ ባንኩም ገበያውም እሱ ዘንድ ነው፤ ግን ያ ማዕድን ከሌለው ሚሳይሉም አይወነጨፍለትም፣ መኪናውም አይንቀሳቀስለትም። የባላንጣውን ደጅ መጥናት ሲሰለቸው የእኛን ጉድጓድ አገኘ። የእሱ ባንክ አበደረ፣ የእኛ ጉድጓድ ተከፈተ፣ እኛም እንደ ሰው ቆርቆሮ ቀይረን፣ ልጆቻችንን አስተምረን አንተን የመሰለ ሰው አወጣን።

የብድሩ ውል ላይ ግን አንዲት መስመር ነበረች። የማዕድኑ የገበያ ዋጋ ከተወሰነ ወለል በታች ወርዶ ስምንት ወር ከቆየ ባንኩ እጁን መሰብሰብ ይችላል። ባለማዕድኑ ይህችን መስመር ያውቃል፤ ስለዚህ ወታደር መላክ አላስፈለገውም። የራሱን ማዕድን ከወጪው በታች መሸጥ ጀመረ። እሱም ይከስራል እኮ። ልጆች ወንዝ ውስጥ ራሳቸውን ነክረው ማን ቀድሞ ይወጣል እንደሚባባሉት ነው፤ እሱ ማወቅ የፈለገው እኛ ትንፋሻችንን ይዘን ስንት ጊዜ እንደምንቆይ ብቻ ነበር። ይህን ደግሞ የሚያሳየው የጉድጓዱ ውሃ ነው።

አንተ ውሃውን ታውቀዋለህ። ሌት ተቀን ከድንጋዩ ይመነጫል፤ አራቱ ፓምፖች ሌት ተቀን ያወጡታል። አንዳንዱ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው ብሎ ይስቅብን ነበር፤ እኛ ግን ከዚያ በቀር ሥራ የለንም። ታች ወለሉ ላይ በቀይና በነጭ የተሰመረው ሰሌዳ አርባ ሴንቲ ካሳየ ሰላም ነው። ሁለት ሜትር ከደረሰ ሞተሮቹን ይውጣቸዋል፤ ያን ጊዜ ጉድጓዱ አበቃለት፤ ማንም ዳግመኛ አይከፍተውም። ዋጋው ወርዶ ባንኩ ገንዘቡን እየቆጠበ ሲሰጠን ናፍጣው አነሰ፤ አራቱ ፓምፖች ሦስት ሆኑ፣ ሦስቱ ሁለት ሆኑ።

እሑድ እሑድ ወርጄ የውሃውን ልክ የማነበው እኔ ነበርኩ፤ መዝገብ ላይ የሚያሰፍረው ደግሞ የሥራ ጓደኛዬ ቀጭኑ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነህ መጀመሪያ ያወረድንህ ቀን የማንን እጅ እንደያዝክ ታስታውሳለህ? የእኔን አልነበረም፤ እኔን ፈርተኸኝ የቀጭኑን ይዘህ ነው የወረድከው። ጠመኔ ሰጠህና ልኩን ግድግዳው ላይ ጻፍክ። ውጭ አገር የሄድክ ሰሞን በስልክ የምንባባለው ጠፍቶን ሁለታችንም ዝም ስንል፣ አንተ «አባዬ፣ ልኩ ስንት ነው?» አልክ። አርባ ሁለት አልኩህ። ከዚያ ወዲህ አንድም እሑድ አላለፈንም። ለሰው ስናገር «ልጄ ባሕር ማዶ ሆኖ እንኳ ልኩን ሳይሰማ አይውልም» እያልኩ ደረቴን እነፋ ነበር። ጅል ሽማግሌ።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ የጉድጓዱ ኢንጂነር ሁላችንንም ቢሮ ጠራንና አንድ የታተመ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። አንተ ከምትሠራበት የአክሲዮን ቤት የወጣ ነው፤ ለደንበኞች የሚሸጥ ትንታኔ። ከደንበኞቹ አንዱ የባለማዕድኑ ኩባንያ ነው። ሠንጠረዥ አለበት፤ የአሥራ ሰባት እሑድ ልክ፣ እስከ ሴንቲ ሜትሩ። ከሥሩ ደግሞ ዋጋው አሁን ባለበት አራት ወር ከቆየ ይህ ጉድጓድ ማንም ሳይነካው ራሱ ይሰጥማል ይላል። «ሰዎቹ ደክሟቸው ሊተዉን ነበር» አለ ኢንጂነሩ፣ «ይህች ወረቀት ናት ልብ የሰጠቻቸው። ያወጣው ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ ነው።»

ሁሉም ዞሮ ቀጭኑን አየው፤ መዝገቡ ያለው እሱ እጅ ነዋ። «ኢንጂነር፣ እኔ ከመዝገቡ ሌላ የማናግረው ሰው የለኝም፤ ሚስቴም የምትነዘንዘኝ በዚሁ ነው» አለ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ኢንጂነሩ አልሳቀም። ቀጭኑ ወደ እኔ ዞረና «ጋሽ ፓምፕ፣ ንገራቸው እንጂ» አለኝ።

እኔ ያን ጊዜ ሠንጠረዡን እያነበብኩ ነበር። ከላይ ወደ ታች ሄጄ ዘጠነኛው እሑድ ላይ ስልሳ ሦስት የሚል አየሁ። ልጄ፣ ስልሳ ሦስት የሚባል ልክ በዚህ ጉድጓድ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። በዚያ እሑድ እናትህ ትኩሳት ይዟት አልወረድኩም፤ በእኔ ፈንታ ቀጭኑ ወርዶ መዝገቡ ላይ ሰባ አንድ ብሎ ጻፈ። አንተ ስትደውል ልማዳችን እንዳይቀር ብዬ ስልሳ ሦስት ነው አልኩህ፤ ከአፌ የመጣልኝ እሱ ነው። በዓለም ላይ ያንን ቁጥር የሰሙት ሁለት ጆሮዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም የአንተ።

እና ዝም አልኩ። ልጄ ነህ። ቀጭኑን በዚያው ቀን አባረሩት፤ የኩባንያውን ቤትም በሳምንቱ ለቀቀ። ሚስቱ ሱቅ ስትሄድ ባለሱቁ ጀርባውን ይሰጣት ነበር፤ አንድ ቀን በራቸው ላይ ሻጭ ብለው በቀለም ጻፉበት። ዕቃቸውን ሲጭኑ አልጋውን አብሬው ተሸክሜያለሁ። «አንተ ብቻ ነህ ያልካድከኝ» አለኝ፤ ላቡን እየጠረገ።

እሑድ ሲመጣ ደወልክ። ልኩን ከመንገሬ በፊት ጠየቅሁህ፤ ታስታውሳለህ? «ልጄ፣ ይህን የምነግርህን ለሰው ታወራዋለህ እንዴ?» አልኩህ። ሳቅክ። «ለማን ላወራው አባዬ፤ ናፍቆት ነው እንጂ» አልክ። አዎ ብትለኝ ኖሮ፣ ሥራዬ ነው፣ ሌሎቹም እንዲህ ነው የሚኖሩት ብትለኝ ኖሮ፣ ሰድቤህ እተወው ነበር። አንጀቴን የቆረጠው ሳቅህ ነው።

ልኩ በዚያ እሑድ አንድ ሜትር ከአሥራ ስምንት ነበር። ዘጠና ነው አልኩህ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ቀላል ነው። በአንድ ቁጥር ሊገድሉን ከቻሉ በአንድ ቁጥር እንድናለን አልኩ። ባለማዕድኑ ውሃው እየወረደ ነው ብሎ ካመነ በከንቱ መክሰሩን ይተዋል፤ ዋጋው ይነሳል፤ ስምንት ወሩ ሳይሞላ ባንኩ እጁን ይዘረጋል። በሚቀጥለው እሑድ አንድ ሜትር ከሃምሳ ሆነ፤ ሰባ አራት አልኩህ። የአንደኛው ፓምፕ ኩሽኔታ ተሰብሮ ነበር። የመለዋወጫ ነጋዴው ድሮ በቃላችን አምኖ ይልክልን ነበር፤ አሁን ግን የእናንተን ወረቀት አንብቦ፣ ለሚሰጥም ጉድጓድ ዕቃ አልሰጥም፣ ቀድማችሁ ክፈሉ አለ። በሦስተኛው እሑድ አንድ ሜትር ከሰማንያ አንድ ደረሰ፤ ስልሳ አልኩህ። ለኢንጂነሩ እውነተኛውን ነግሬዋለሁ፤ እሱ ዋና ከተማ ሄዶ ባንኩን ይለማመጥ ስለነበር አፉን ዘጋ። ሠራተኛው ሁሉ በግዴታ ዕረፍት ወጥቷል። ወራጅ እኔ ብቻ ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሜትር ሆነ። ቆሜ አየሁት። የመጨረሻው ሞተር ትንሽ ሳል እንደማለት አለና ዝም አለ። አርባ ዓመት በጆሮዬ የነበረ ድምፅ ነው፤ ሲቆም የደነቆርኩ መሰለኝ። ጉድጓዱ በዚያ ቀን ሞተ። እሱን ለማዳን የምዋሸው ውሸት ከዚያ በኋላ አልነበረኝም።

እሑድ ደወልክ። ሃምሳ ሁለት አልኩህ።

እዚህ ላይ ደህና አድርገህ አንብብልኝ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት እሑዶች ለጉድጓዱ ነበሩ። የኋለኞቹ ሦስቱ ለአንተ ናቸው። ሃምሳ ሁለት፣ አርባ አምስት፣ አርባ። ድምፅህ እየሞቀ፣ እየሞቀ ሲመጣ ይሰማኝ ነበር። ጉድጓዱ እያገገመ ነው ብለህ ሁለተኛውን ትንታኔ እንዳወጣህ፣ ቤታችሁ የጉድጓዱን አክሲዮን እየሰበሰበ እንደሆነ ለእናትህ በኩራት ነገርካት። በመጨረሻው እሑድ «አባዬ፣ የራሴንም ያለኝን ሁሉ ጨምሬበታለሁ» አልከኝ፤ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ ትንሽ ልጅ ሆነህ ምስጢር እንደምትነግረኝ። «ጎበዝ» አልኩህ። ከዚህ ሁሉ ሌሊት ሌሊት የሚመጣብኝ ያች ቃል ናት።

የሚያሳዝነው ውሸቱ መሥራቱ ነው። ባለማዕድኑ ወረቀትህን አምኖ ተስፋ ቆረጠ፣ ዋጋው በዘጠኝ ቀን ውስጥ ተመልሶ ከወለሉ በላይ ሆነ። የባለገንዘቡ ባንክ ውሉን ሊያስቀጥል አንዲት ተቆጣጣሪ ላከ። አዲስ ነጭ ቦቲ ጫማ አድርጋ መጣች። ሊፍቱን አወረድኩላት፤ ሁለተኛው ወለል ላይ ስንደርስ አቆምኩት፤ ከዚያ በታች መንገድ የለም። በባትሪ አበራሁ። ጥቁር ውሃ ነው፤ የሠራተኛ ጓንቶች ተንሳፍፈዋል። «እስከዚህ ከደረሰ ስንት ጊዜው ነው?» አለችኝ። «ሞተሮቹ የሰጠሙት የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው» አልኳት። «ታዲያ በወረቀት የምናነበው ማን የሚያወራው ነው?» አለች። «እኔ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፎቶ አነሳችና ልውጣ አለች፤ አወጣኋት። ከሰዓት በኋላ ያንተ ነገር ሁሉ አብቅቶ ነበር።

ባለማዕድኑ አሁን ተፎካካሪ ስለሌለው ዋጋውን ከድሮውም በላይ ሰቅሎታል። ባለገንዘቡ ደግሞ በሬዲዮ ስለ ብሔራዊ ደኅንነት ሲናገር ሰማሁት፤ ሌላ አገር ሌላ ጉድጓድ አይቷል አሉ። ሁለቱም ደህና ናቸው። ከመሐላቸው የወደቅነው እኛ ነን፤ የእኛንም ልክ በእጃቸው ያስያዝንላቸው እኔና አንተ ነን፤ አባትና ልጅ፣ በናፍቆት።

ትናንት የዚህን ረቂቅ ይዤ ቀጭኑ ዘንድ ሄድኩ። አሁን አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ መኪና ያጥባል። ሰላም የሚለው ሰው ስለሌለ ስጠጋ መጀመሪያ ሌላ ሰው መስዬው ደነገጠ። ቁጭ ብለን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩለት፤ ስልሳ ሦስት ላይ ስደርስ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ስጨርስ ይሰድበኛል፣ ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። አንተንም ይረግማል ብዬ ነበር። «ልጁ ሩቅ ነው፤ እኔን አላየኝም» አለ። «አንተ ግን አጠገቤ ቆመህ ነበር። አልጋዬን ተሸክመህልኛል።» ባልዲውን አንስቶ ወደ መኪናው ሄደ። አንድ ግልባጭ ጎማው ሥር አስቀመጥኩለት። የኩባንያው በር ላይ ቢለጥፈው፣ ኮሚቴህ ድረስ ቢልከው፣ ቢያነድበት የእሱ ጉዳይ ነው። እኔንም በልኬ ያየኛል፤ ከአንተ ንጹሕ ነኝ አላልኩም።

እንግዲህ የጠየቅከኝ ወረቀት ይኸው ነው። ፈርሜበታለሁ። ለኮሚቴው ካሳየኸው ሆን ብለህ እንዳልዋሸህ ያምኑሃል፤ የዋሸው አባትህ ነው። ግን ደግሞ ልኩን ከየት ታመጣው እንደነበር፣ ስንት እሑድ ስትሸጠው እንደኖርክም ያነባሉ። ካላሳየኸው ያው የምትፈራው ይሆናል። ከዚህ የተሻለ ወረቀት መጻፍ እችል ነበር፤ እናትህ ብትሰማ ተንበርክካ ትለምነኛለች። አልጻፍኩም።

እናትህ አሁን ክሩን ጠቅልላ ጨርሳለች። «ደኅና ሁን በለው፤ ብዙ እንዳያስብ በለው» ትላለች። የምትተረትረው ሹራብ የአሥራ ሁለት ዓመትህ ነው፤ ለአንተ የአንገት ልብስ ልትሠራበት ነው። ለእሷ ይህን ደብዳቤ አላነብላትም፤ አንተ ራስህ ትነግራታለህ።

ሀብትህን አልመርቅልህም፤ አልቋል። ዕድሜ ይስጥህ፤ ረጅም ይሁን፤ ይህን ሁሉ የምታስብበት ጊዜ አትጣ። ብቻህን አትብላ፤ ስትታመም ውሃ የሚያቀብልህ ሰው አያሳጣህ።

አንድ ነገር ብቻ። ውሃው እየወጣ ነው፤ ከጉድጓዱ አፍ ደርሶ እስኪፈስ ሁለት ዓመት ይፈጃል ይላሉ። እስከዚያ ድረስ በየእሑዱ በለመድነው ሰዓት ትደውላለህ። ልኩን እነግርሃለሁ፤ አንተም ትጽፈዋለህ። ለማንም የማይጠቅም ቁጥር ስለሆነ የሚገዛህ የለም።

የዛሬው ከአፉ እስከ ውሃው ሠላሳ አራት ሜትር ነው። ድንጋይ አስሬ በገመድ ለካሁት፤ ሁለት ጊዜ።

አባትህ፣
ጋሽ ፓምፕ